ጉልላቱ ይቅር፣ ደቡቡ ይከፈት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ አምጥቶልኛል። በየማታው ከቤት ማውጣትና ማስገባቱ ስለከበደኝ ጓሮ ላይ ጉልላት ያለው ትንሽ መመልከቻ ቤት ላሠራ አስቤያለሁ፤ መሐሉ ላይ የኮንክሪት ምሰሶ ይቁምለትም ብለውኛል። የምኖረው ጦሳ ሥር ነው፤ ጓሮዬ ጠባብ ነው፣ ቁልቁለትም አለው። ኮምቦልቻ ደግሞ የአባቴ ሰፊ ግቢ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቅ እላለሁ። የት ልሥራው? ጉልላቱንስ በምን ላሠራው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደሴ ላይ አንዲት መምህርት ጓሮዋ ውስጥ ቴሌስኮፕ ልታቆም ነው ሲባል ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ መልሱ ቢረዝም ታገሺኝ። እኔ ደሴ ላይ ለራሴ ሁለት ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ለወዳጄ አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽቶብኝ አፍርሼዋለሁ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ከምሰሶው ልጀምር፤ ገንዘብሽን የሚበላው እሱ ነውና። ዶብሶኒያን ምሰሶ አይፈልግም። የእንጨት ሣጥኑ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቱቦው በእጅ እየተገፋ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች የሚዞር መሣሪያ ነው። ጆን ዶብሰን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ይህን አሠራር ያስፋፋው ማንም ሰው በቀላል ዕቃ ሠርቶ፣ መንገድ ዳር አቁሞ መንገደኛው ሁሉ ጨረቃን እንዲያይበት ብሎ ነው። ምሰሶ የሚፈልገው ኢኳቶሪያል ማውንት የሚባለው፣ የምድርን መሽከርከር በሞተር እየተከተለ የሚዞረው ነው። ያንቺን ቴሌስኮፕ አንድ ሜትር ምሰሶ ላይ ብትሰቅዪው፣ ወደ አናትሽ ስታነጣጥሪ አይፒሱ፣ ማለትም ዓይንሽን የምታስጠጊበት መነጽር፣ ከሁለት ሜትር በላይ ይወጣና መሰላል ይዘሽ ነው የምታይው። የመከሩሽ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ ስለ ሌላ ዓይነት ቴሌስኮፕ ነው የነገሩሽ።

ጉልላቱም እንዲሁ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖች ጉልላት ውስጥ ናቸው፤ ተገቢም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነፋስ ይመታቸዋል፣ ጉልላቱንም ሞተር ያዞርላቸዋል። በጓሮ ደረጃ ግን ጉልላት ማለት ላሜራውን እንደ ብርቱካን ቁራጭ እየቆረጡ መበየድ፣ ከሥሩ ፍጹም ክብ የሆነ ሐዲድ ማበጀት፣ ከዚያም ቴሌስኮፑ የሚያይበት የጉልላቱ ስንጥቅ ከኮከቡ ጋር እንዲሄድ በየጊዜው ማዞር ማለት ነው። ክቡ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሳተ ይነክሳል፤ የስንጥቁ መዝጊያም በደሴ ክረምት ውሃ ያስገባል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ጉልላቱ የሚያርፍበት ግድግዳ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነሽና ወረቀት ላይ ሥለሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። የባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 1.2 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ላይ ታች የሚወዛወዝበት ማዕከል ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚህ ማዕከል 1.2 ሜትር ርቆ በደቡብ በኩል ግድግዳ አለ እንበል። ቱቦው ከአድማስ 16 ዲግሪ ላይ ያለ ኮከብ ሲያይ ብርሃኑ ሳይቆረጥ ሙሉ አፉን እንዲሞላ ከተፈለገ፣ ግድግዳው ከ90 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ሰው ቆሞ የሚገባበት ባለ 2 ሜትር ግድግዳ ከሆነ ከ50 ዲግሪ በታች ያለው ሰማይ በሙሉ ጠፋ። ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ነው።

16 ዲግሪን ዝም ብዬ አልመረጥኳትም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። የደቡብ መስቀል የሚባለው ኅብረ ኮከብ የታችኛው ኮከብ በእኛ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ የሚደርሰው 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የላይኛው 22 ዲግሪ ይሆናል። ከጎኑ አልፋ ሴንታውሪ 18 ዲግሪ ትደርሳለች። ካኖፐስ፣ ከሰማይ ኮከቦች በድምቀት ሁለተኛው፣ 26 ዲግሪ ይቆማል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከቦች ክምችት 31 ዲግሪ ላይ ይወጣል። እሱን በ8 ኢንች መስተዋት ያየ ሰው አይረሳውም፤ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮከቦች ባንድ ላይ ታጭቀው፣ ሰፌድ ላይ እንደተበተነ የጤፍ ዱቄት ሆነው ይታያሉ። 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ ነው ይህ ሁሉ። በአብዛኛው አውሮፓ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ከግቢያቸው ጨርሶ አያዩትም፤ ካሜራቸውን ጭነው ናሚቢያ ድረስ የሚሄዱበት ሀብት ያንቺ ጓሮ ላይ አለ። ስለዚህ የደሴ መመልከቻ ከሁሉ በፊት ደቡቡን የሚከፍት መሆን አለበት።

ጊዜውንም ልንገርሽ። በማታ የደቡብ መስቀል ከፍ የሚለው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የበልጉ ደመና ይመላለሳል። እኔ የምመርጠው የጥምቀትን ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ መስቀሉ ደቡብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ኦሜጋ ሴንታውሪም ከጎኑ ከፍ ይላል፣ ሰማዩም የበጋ ሰማይ ነው። ሕዝቡ ታቦት ያደረበት ቦታ ነቅቶ ነው የሚያድረው፤ ከዚያ ስትመለሺ ጋቢሽን እንደለበስሽ ቴሌስኮፑ ጋ ማለፍ ትችያለሽ።

ታዲያ አንድ ብር ሳታወጪ አድማስሽን ለኪ። ቴሌስኮፑ ይቆማል ባልሽበት ቦታ ላይ በርጩማ አስቀምጪና ተቀመጪ፤ ዓይንሽ የቱቦው ማዕከል ከፍታ ላይ እንዲሆን ዝቅ በዪ። ክንድሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን ስትጨብጪ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከአድማሱ ተነሥተሽ ጭብጥ በጭብጥ ላይ እየደረብሽ በስምንቱም አቅጣጫ ተራራው፣ ዛፉና የጎረቤት ጣሪያ ስንት ጭብጥ እንደሚደርስ ጻፊ። በምዕራብ ጦሳ ብዙውን ሰማይ እንደሚወስድብሽ አያጠራጥርም፤ በምሥራቅ አዝዋ ገደል አለ፣ ግን ራቅ ስለሚል ያን ያህል አይከብድም። ደቡቡን የሚወስነው ሰፈርሽ ነው። ደቡብ ላይ ከአንድ ጭብጥ ተኩል በታች ከተዘጋ ቦታው ጥሩ ነው። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከሆነ የከለለሽ ደግሞ ዛፉ እስኪቆረጥ አትጠብቂ፤ ሦስት ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ፈቀቅ ስትዪ አንዳንዴ መስቀሉ በሁለት ዛፎች መሐል ይወጣል። በእኔ ግቢ የሆነው ይኸው ነው።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ላልሽው፣ እኔ ደሴ እላለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም የሰማዩ ጥራት አይደለም። የምትኖሪው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርዶ ቅዳሜ ማታ መድረስ ይቻላል፣ ቅዳሜ ማታ ግን ደመና ሊሆን ይችላል፣ ለቅሶ ሊኖር ይችላል፣ ፈተና ማረም ሊኖር ይችላል። ደሴ ላይ ግን ረቡዕ ማታ ደብተር አርመሽ ስትጨርሺ በመስኮት ሰማዩን አይተሽ 20 እርምጃ ተራምደሽ ጁፒተርን ታያለሽ። መመልከቻ ቤት የሚሠራው ሰማዩን በፈለግሽው ጊዜና በምታይበት ጊዜ መካከል ያለውን ድካም ለማሳጠር ነው። ለኮምቦልቻ የምሰጠው ብልጫ አለ፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሌሊቱ በአራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጣትሽ አይደነዝዝም። ነገር ግን በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ አቧራው ይበዛል፣ የፋብሪካዎቹም መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከምድር አየር ሩብ ያህሉ ከእግርሽ በታች ነው የቀረው፤ ይህ በጥሩ ሌሊት ልዩነቱ ይታወቃል።

አሁን ወደ ቤቱ። ለአንቺ የምመክረው ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ሙሉውን የሚሸሽ ነው። ቴሌስኮፑ ቦታው ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ ከላዩ ያለው የቆርቆሮ ጎጆ በጎማ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል። ግድግዳ የሚባል ነገር ስለማይቀር ደቡቡ እስከ አድማስ ይከፈትልሻል።

የጎጆው ውስጥ ስፋት 1.3 ሜትር በ1.3 ሜትር ይበቃል፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከ1.4 ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ከፍታው 1.7 ሜትር ይሁን፣ ውሃው እንዲወርድ በአንድ ወገን ወደ 1.5 ዝቅ ይበል። አጽሙን በ30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ አሠሪ፤ ከወፍራም ብረት ይልቅ በሦስቱ ጎኖች ላይ ሰያፍ ብረት ማስገባት ነው የሚያጠነክረው። ጎጆው ወደ ሰሜን የሚሸሽ ከሆነ ቴሌስኮፑ የሚወጣው በደቡብ በኩል ነው፤ ስለዚህ የደቡቡ ጎን ባለ ሁለት ተከፋች በር ይሆናል፣ ከሥሩም ምንም ብረት ማቋረጥ የለበትም። ይህን ለበያጁ አንድ ጊዜ ነግረሽ አትተዪው፤ ሥሩን ስትከፍትበት ቤቱ የሚወላገድ ስለሚመስለው ለማጠንከር ብሎ አንድ ብረት ያጋድምበታል። የኮምቦልቻው ወዳጄ በያጅ ይህንኑ አድርጎ፣ ጎጆው ገና ስንገፋው ብረቱ የቴሌስኮፑን ሣጥን ከሥር ጠለፈውና በእጃችን ተቀብለን ነው ያዳንነው። ብየዳው ሲካሄድ አጠገቡ ቁሚ።

ለጎማው የተንሸራታች የግቢ በር ጎማ ግዢ፤ መሐሉ እንደ ቪ የተሰረጎደና በኩሽኔታ የሚዞር፣ አራት። ሐዲዱ አንግል ብረት ነው፤ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይገለበጥና የጎማው ስርጉድ በላዩ ይጋልባል። አንግሉ ባለ 6 ሜትር ነው የሚሸጠው፤ ላንቺ በየጎኑ 4 ሜትር ይበቃል፣ ከሁለቱ ዘንግ የሚተርፈው ለበሩ ማጠፊያና ለጫፍ ማቆሚያው ይሆናል። ሐዲዱ ላይ አቧራ እንጂ ጠጠር እንዳይተኛ ከመሬቱ አራት ጣት ከፍ ይበል። ሁለቱን ሐዲዶች በውሃ ልክ ብቻ አትመኚ፤ በሁለቱም ጫፍና በመሐል ያለውን ርቀት በሜትር ለኪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልዩነቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ጎማው መሐል መንገድ ላይ ይነክሳል።

በመጀመሪያ ሐሳቤ ጎጆሽ ወደ ምዕራብ ቢሸሽ ነበር፤ ጦሳ የወሰደውን ሰማይ ለቆርቆሮው መስጠት አይጎዳምና። ግን ጓሮሽ ቁልቁለት አለው፤ ወደ ምዕራብ ማለት ወደ ተራራው፣ ዳገቱን መቆፈር ማለት ነው። የጦሳን እግር መቆፈር ደሴ ላይ ቀልድ አይደለም፤ መሬቱ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ጎረቤቶችሽ ያውቁታል። ሐዲዱ ቁልቁለቱን ተሻግሮ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢዘረጋ ግን ሁለት ጫፉ በራሱ እኩል ይሆናል፣ ቁፋሮውም ጥቂት ነው። ጎጆው ሁለት ሜትር ተኩል ወደ ሰሜን ሲርቅ ዝቅ ያለውን የሰሜን ሰማይ ብቻ ይከልላል። እዚያ ውስጥ ከሚጠፋው ዋናው የሰሜን ኮከብ ነው፤ ለዶብሶኒያን ደግሞ እሱ አያስፈልግም። ከላይ በኩል ግን የዳገቱን ውሃ የሚቀበል ቦይ ቁፈሪ፤ ሥራው በዚህ ይጀመር።

ጎጆው ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይፈራል። በአራቱም ማዕዘን ከሐዲዱ ጋር የሚያያዝ መንጠቆ በሰንሰለት ይኑረው፣ ሲዘጋ ብቻ ሳይሆን ሲከፈትም ይታሰር። ደግሞ የደሴን ሌሊት አስቢ፤ ብርዱ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ያበጃል፣ ማለዳ ፀሐይ ስትመታው ጠብ ጠብ እያለ በቱቦው ላይ ይወርዳል። ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ጣት ክፍተት ትቶ ኮምፔርሳቶ ማልበስ ይህን ያስቀራል። ከታችና ከላይ ትንሽ የአየር መግቢያ ይኑረው፤ በቀጭን ወንፊት ሽቦ ይሸፈን፣ አለዚያ አይጥ የቱቦው ሥር ጎጆ ትሠራለች። ውጪውን ነጭ ወይም ብርማ ቀለም ቀቢው፤ ጥቁር ቀለም ቀኑን ሙሉ ያጋግልብሻል።

አሁን ያ የተበላሸብኝ። ቴሌስኮፕሽ የሚያርፍበት መሬት ላይ የኮንክሪት መደብ ያስፈልግሻል፤ የመጀመሪያውን ስሠራ መደቡንና የምቆምበትን ወለል ባንድ ላይ፣ እንደ አንድ ሶሌታ አፈሰስኩት። ጁፒተርን በ200 እጥፍ አጉልቼ ስመለከት ሰው አንድ እርምጃ ሲራመድ ኳሷ እንደ ውሃ ላይ መብራት ትንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ላይ መሬቱ ጥቁር አፈር ነበር። ክረምት ሲመጣ አበጠ፣ በጋ ሲመጣ ተሰነጠቀ፣ በሁለተኛው ዓመት መደቡ በአንድ ወገን ሦስት ጣት ያህል ተነሣ። አፈረስኩት። አንቺ ጥቁሩን አፈር አውጥተሽ ደረቁ መሬት እስኪገኝ ድረስ ቁፈሪ፣ ከሥሩ ገረጋንቲ አስደልድዪ፣ መደቡን ከዙሪያው ወለል ሦስት ሳንቲ ሜትር ለይተሽ አፍስሺው፤ ክፍተቱን በአሸዋ ወይም በፎም ሙዪው። የምትቆሚበት ዙሪያ ሣር ወይም የእንጨት ርብራብ ቢሆን ከኮንክሪት ይሻላል። ኮንክሪት የቀኑን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት እየተፋ ከፊትሽ ያለውን አየር ያናውጠዋል።

የመደቡ ልክ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 80 ይሁን እላለሁ። ለዶብሶኒያን ይበዛል፤ ግን ነገ ፎቶ ማንሳት ስትፈልጊ ኢኳቶሪያል ማውንት መምጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ እንደገና መቆፈር የለም። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ አራት ከረጢት ይጨርሳል፣ ሲደርቅም ከአንድ ቶን ይበልጣል። ከማፍሰስሽ በፊት አራት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን በቀዳዳ ላሜራ ላይ በልካቸው አሥረሽ ቅበሪ፤ ጥርሳቸው ከመደቡ ወለል በታች በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቅር፣ ቅባት ቀብተሽ በላስቲክ ሸፍኚው። ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። በኋላ የብረት ቱቦ ምሰሶ በዳዶ ታስሮበት ይቆማል፤ ውስጡ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ መንቀጥቀጡን ይውጠዋል። ያን ጊዜ ቀጭንና ረጅም ምሰሶ አትግዢ። የምሰሶ መታጠፍ በርዝመቱ ኩብ ይጨምራል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጥንካሬው 16 እጥፍ ይሆናል።

ስለ ኢኳቶሪያሉ አንድ ነገር ቀድመሽ እወቂ። ዘንጉ ወደ ሰሜን ዋልታ ማነጣጠር አለበት፤ ለእኛ ያ ማለት ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ነው። ለአውሮፓ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ ማውንቶች ይህን ያህል ዝቅ አይሉም፤ የሚሉትም ቢሆኑ የሚዛን ክብደቱ ዘንግ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ስትገዢ «እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የሰሜን ኮከብ ከጎጆው ወይም ከቤት ጀርባ ስለሚሆን ማስተካከሉ በመንሸራተት ዘዴ፣ ማለትም ኮከቡ በአይፒሱ ውስጥ ወዴት እንደሚንሸራተት እያዩ ዘንጉን በማረም ይሆናል። ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) አጠገብ፣ ከአናትሽ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ ያዢ፤ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ስቷል፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ምዕራብ። ከዚያ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ ያዢ፤ ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል። ሁለት ምሽት ይፈጃል፣ ግን ምሰሶው ቋሚ ስለሆነ ዳግመኛ ብዙ አያስቸግርም።

ደሴ ሳህን ናት፤ ማታ ማታ የከሰሉና የእንጨቱ ጭስ ከላይዋ ተኝቶ ይቆያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ፕላኔት ስታዪ ምስሉ ቢፈላብሽ መስተዋትሽን አትጠራጠሪ። ምድጃው ይጥፋ፣ ቆርቆሮው ይብረድ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሌላ ሰማይ ነው። ባለ 8 ኢንች መስተዋት ከሞቀ ክፍል ሲወጣ ከውጪው አየር ጋር እስኪስማማ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ጎጆው ውስጥ ሲያድር ግን ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሻል። ከመውጣቱ ድካም ባሻገር የጎጆው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የጎረቤት በረንዳ አምፖል ካስቸገረሽ በሁለት አጠና ላይ ጥቁር ሸራ ወጥሪበት፤ መብራቱን እንዲያጠፉ ከመለመን ይህ ይቀላል። ባትሪሽን በቀይ ላስቲክ ሸፍኚው። መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተሽ ውጪ፤ ፍኖተ ሐሊብ ከአናትሽ በላይ የሚዘረጋበት ሌሊት ያ ነው።

በክረምት ጎጆው ባዶውን ይክረም። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ቴሌስኮፑን ወደ ቤት አስገቢው፤ ጉሙና እርጥበቱ መስተዋቱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታ ደግሞ ሽፋኑን ይበላዋል። በላስቲክ አትጠቅልዪው፤ እርጥበቱን ውስጡ ታሥሪዋለሽ። ደረቅ ክፍል፣ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ፣ ከጫማ ሣጥን የሚገኘው ሲሊካ ጄል ከሥሩ። አቧራውን በእጅ ወይም በነጠላ ጠርዝ ለመጥረግ ፈጽሞ አትሞክሪ፤ ትንሽ አቧራ ምስሉን አይጎዳም፣ ጭረት ግን አይለቅም።

ይህንን የምጽፈው ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው፦ ጎጆው ከመቆሙ በፊት ጎረቤቶችሽንና ቀበሌውን አነጋግሪ። ረጅም ቱቦ በሌሊት ወደ ሰማይ ተደግኖ ሲያይ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ደሴ ብዙ አይታለች። መጀመሪያ ቴሌስኮፑን ከነሣጥኑ ደጃፍ ላይ አውጪና ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የሰፈሩን ልጆች፣ ከዚያ እናቶቹን፣ ከዚያ አባቶቹን አሳዪ። ጉድጓዶቿን ያየ ሰው ሁለተኛ ስለ ቱቦው አይጠይቅም። አንዳንዱ «ይህ ለደሴ ምን ይጠቅማታል?» ይልሽ ይሆናል። የከተማዋ ስም እንዴት እንደወጣ የሚነገረውን ንገሪው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ከደስታቸው የተነሣ ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1882 የታየው ያ ኮከብ በቀን ብርሃን፣ ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር በዓይን የታየ ነው። አረንጓዴ ሌዘር ግን አትጠቀሚ፤ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ሩቅ አይደለም።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ ብቻ፣ እሱም ቀልድ የሌለበት። ቀን ጎጆውን ስትከፍቺ የቱቦው ክዳን ይኑር፤ ክፍት መስተዋት ፀሐይን ሰብስቦ ሳጥንን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል። ከቱቦው አፍ ላይ በሙሉ የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖርሽ ወደ ፀሐይ አታዙሪው፣ ልጆችም ብቻቸውን አጠገቡ አይቁሙ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከግብፅ በሳዑዲ አድርጎ ወደ የመን ያልፋል፤ ደሴ ላይ ከቀትር በኋላ ከፊሉ፣ ያውም ጥልቅ ሆኖ ይታያል። ክረምት ነውና ደመናው ሊከለክለን ይችላል፤ ቢሆንም ማጣሪያውን ከአሁኑ ወንድምሽ ይላክልሽ።

እስከዚያው የስምንቱን አቅጣጫ የጭብጥ ልኬት፣ የቱቦሽን ትክክለኛ ርዝመትና ከመሬት እስከ ማዕከሉ ያለውን ከፍታ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለበያጁ የምትሰጪውን ሥዕል እኔ በልኩ እሠራልሻለሁ። ደቡቡ ከሁለት ጭብጥ በላይ ተዘግቶ ካገኘሽው ግን ሲሚንቶውን አትግዢ፤ መጀመሪያ የአባትሽን ግቢ በዚያው ጭብጥ ለክተሽ እንነጋገር።